በነጻ የታጠበችው ጥግ

ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ ትቶት የሄደው ነገር ብዙ ነው። አስፋልቱን ትቶልናል፣ ፖስታ ቤቱን ትቶልናል፣ ማኪና የሚለውን ቃል ትቶልናል። ሰጠኝን ግን ጣሊያን አልተወብንም፤ ሰጠኝ የራሳችን ጉድ ነው። አዘዞ ተወልዶ አዘዞ ያደገ ሰው፣ ምንጣፍ ማጠብ የተማርኩት አስመራ ነው እያለ፣ አንድ በጋ ሙሉ ከአራዳ እስከ ፊት ሚካኤል ያለውን በር ሁሉ ሲያንኳኳ ከረመ። አጣቢ ሲሉት ይከፋዋል። ራሱን የሚጠራው የምንጣፍ ሐኪም ብሎ ነው። በዚያ በጋ በእሱ ምክንያት ያላለቀሰች ባለ ምንጣፍ ጥቂት ናት፤ ግን ሁሏም ያለቀሰችው ጓዳ ገብታ፣ በሯን ዘግታ ነው። እኔ ታየች ደግሞ ጓዳ ገብቶ ማልቀስ አይሆንልኝም።

ምንጣፍ አለኝ፣ አንድ ብቻ። ጠጉሩ የመጣው ከወገራ፣ ከአባቴ በጎች ነው። አባቴ ነጭ በግ አይወድም ነበር፤ ጅብ ቶሎ ያየብኛል ባይ ነው። ስለዚህ በጎቻችን ጥቁር፣ ምንጣፌም ጥቁር። ልዳር ስል ጠጉሩን ከእናቴ ጋር ሁነን ፈተልነው፣ የወለቃው ሸማኔ አያ ይባረክ ሠራው። መሐሉ ላይ ያለችው ነጭ መስቀል ከጎረቤት በተለመነ ጠጉር የተሠራች ናት፤ አባቴ እሷን ባየ ቁጥር ያጉረመርም ነበር። ቀለም የሚባል ነገር አልገባበትም። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ቀሃ ወንዝ ወርጄ በእንዶድ አጥበዋለሁ፣ ቋጥኝ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ደርቆ ተሸክሜው ስመለስ እንደ ድሮው ጥቁር ነው።

የምነግራችሁ ሳምንት ለቤታችን የጭንቅ ሳምንት ነበር። እሁድ ሽማግሌ ሊመጣ ነው፤ ልጄን ወለላን ለባሻ ክንዱ የወንድም ልጅ ሊጠይቁ። ልጁ ንብረት ይባላል፣ ዝምተኛ ነው። ወለላ እንደምትወደው በአፏ አልነገረችኝም፤ ስሙ በተነሳ ቁጥር ግን የያዘችውን ነገር የት እንዳስቀመጠችው ትረሳለች። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ወንድሜ ነጋ ከወገራ ወርጄ እኔ ልቀበላቸው ብሎ ልኮብኝ ነበር። በሬህን ጠብቅ፣ ለልጄ እኔ እበቃለሁ ብዬ መለስኩለት። እንግዲህ ያን ያህል ተማምኜ ነው ሐሙስ ዕለት ቅቤ ልገዛ ገበያ የወጣሁት።

ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። አንድ ሰው እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ተንበርክኮ ምንጣፌን በቡሩሽ ይፈትጋል። አጠገቡ አረንጓዴ ጠርሙስ ቁሟል። ወለላ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

"እማዬ፣ በነጻ ነው" አለችኝ ገና ምንም ሳልናገር።

ጥጓን አየኋት። የመሶብ ክዳን ታህላለች። ነጭ እንዳትሏት ነጭ አይደለች፣ ቢጫ እንዳትሏት ቢጫ አይደለች፣ የገለባ መልክ ይዛ ከጥቁሩ ምንጣፍ ተለይታ ቁጭ ብላለች።

"እሜቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት" አለ ሰጠኝ፣ ሳይነሳ። "ምንጣፍዎ ገና ዛሬ እውነተኛ መልኩን አወጣ። ያ ሁሉ ጥቁር እኮ እድፍ ነበር።" ነጭ ጨርቅ አነሳና የለቀቀውን ቡናማ ነገር አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ አሳየኝ። "ይኸው። ይህን ሁሉ ዘመን ስትቀመጡ የኖራችሁት በዚህ ላይ ነው።"

"ማን ጠራህ?"

"ማንም አልጠራኝም። ሳልፍ በበሩ አየሁትና አዘንኩ። ደግሞ ብል ገብቶበታል፣ እንቁላሉን ጥሎበታል። ዛሬ ካልታከመ የሚተርፍ አይደለም። እኔም ነገ ወደ ደባርቅ ነኝ፣ መቼ እንደምመለስ አላውቅም።"

"ለመሆኑ ሙሉውን ስታጥብ ዋጋህ ስንት ነው?"

"ኧረ እሜቴ፣ ስለ ዋጋ ምን ያነጋግረናል? እንስማማለን።"

"እንስማማለን ዋጋ አይደለም። ንገረኛ!"

"መጀመሪያ ሥራዬን ልጨርስና እርስዎ ራስዎ አይተው ይፈርዳሉ። የባሻ ክንዱን ምንጣፍ ሂደው ቢያዩት! ከዳር እስከ ዳር አንጽቼላቸዋለሁ። ጥጥ ነው የሚመስል። ባሻ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ ሰጠኝ ቤቴን አበራኸው።"

የባሻን ስም ሲጠራ ወለላ ዓይኗን ወደ እኔ ላከች። እሱም አያት፤ ሰውየው ሌላ ነገር ባያውቅ የሴት ልጅ ዓይን ማንበብ ያውቃል።

ተንኮሉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በነጻ የሰጠን ነገር የለም። አንዲት ጥግ አነጣና የቀረውን ምንጣፍ እድፋም አደረገው። ከዚያ በኋላ ባለቤቲቱ እንዳትተወው ጥጓ ታሳጣታለች፣ እንዳትሰውረው ምንጣፍ ኪስ አይገባም። በዚያ ላይ እኛ ጎንደሮች አንድ አመል አለን። ቤታችን ገብቶ ወገቡን ያጎነበሰን ሰው፣ ባንጠራውም እንኳ፣ ባዶ እጁን መሸኘት ነውር ይመስለናል። ወለላ ለዚህ ሰው እግሩን እንዲያሳርፍ በርጩማ ሰጥታዋለች፣ ጠላ ቀድታለታለች፣ ሲንበረከክ ደግሞ አይሆንም ማለት አፍራለች። ሰጠኝ ነውራችንን መሬት አድርጎ ሲያርስበት ነው የከረመው፤ የእኛ ነገር የገባው ከእኛ ይበልጥ ነው።

"ውጣ" አልኩት።

"እሜቴ፣ ድካሜንስ?"

"ያልታዘዘ ድካም የራስህ ነው። ውጣልኝ!"

ተነሳ፣ ጠርሙሱን ከደነ፣ ጉልበቱን አራገፈ። አልተቆጣም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ደጃፉ ላይ ዞር አለና "እሁድ ሽማግሌ አለባችሁ ሲሉ ሰምቻለሁ" አለኝ። "መቼም ሽማግሌ ፊት እንዲህ ሁኖ አይነጠፍም። ሐሳብዎን ከቀየሩ እኔ ሩቅ አይደለሁም።"

ቡሩሹን ረስቶት ኖሮ ከኋላው ወረወርኩለት። ጀርባውን ስቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወለላ ጥጓ አጠገብ ተቀምጣ በመዳፏ ትደባብሳታለች። "ምነው እማዬ፣ ይጨርሰው ነበርኮ" አለችኝ። "ባሻ ቤት ነጭ ነው። እኛ ዘንድ መጥተው ይህን ሲያዩ እድፋሞች ናቸው ብለው ይሄዳሉ።"

"ይበሉና!"

"አንቺማ ይበሉ ትያለሽ። የሚጠየቀው የኔ ነገር ነው።"

አባባሏ ልክ ነበር። ልጅ ስትዳር እናት የምትኮራበት ቀን አንድ ነው፣ እሱንም ቀን አንድ ዋልጌ በጠርሙስ ይዞ ገብቶ አበላሸብኝ። በልጄም ተናድጄ ነበር፤ ግን ፊቷን ሳየው ቁጣዬ ወደ እሷ መሄድ እምቢ አለ።

ጎንበስ ብዬ ጥጓን አሸተትኳት። ሽታዋን አውቀዋለሁ። ባሌ ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ወለሉን የሚወለውሉት በዚህ ነበር። በረኪና ነው። በረኪና ለሲሚንቶ ሸጋ ነገር ነው፣ ለጠጉር ግን እሳት ነው። ጨርቁ ላይ ያሳየኝ ቡናማ ነገር እድፍ አልነበረም፤ የአባቴ በጎች ቀለም ነበር። አባቴም እናቴም የሉም፤ ከቤታቸው የቀረኝ ይህ ነው።

አርብ ቀሃ ወርጄ ጥጓን አለቀለቅኳት፤ ሽታው ቀለል አለ፣ ቀለሙ አልተመለሰም። ቅዳሜ ሲደርቅ ደግሞ ጠጉሩ በጣት ሲነካ ይበናል። ወለላ መላ ፍለጋ ምንጣፉን ገለበጠችው፤ በረኪናው ዘልቆ ኖሮ በሁለቱም ፊት ያው ነው። ጥጓን ወደ ውስጥ አጠፈቻት፤ ጎበጥ ብላ ጭራሽ ዓይን ትስባለች። በመጨረሻ ሁለታችን ተጋግዘን የልብስ ሳጥኑን አመጣንና ጥጓ ላይ ጫንነው። ሳጥኑ ቤቱ መሐል ተገትሮ መተላለፊያ አሳጣን። ወለላ ግን ደስ አላት፣ እኔም ተውኩት።

እሁድ ከቅዳሴ ተመልሼ በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ያን ሳጥን ነው። የማላውቀው ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። በገዛ ቤቴ፣ የገዛ እጄን ሥራ፣ ሌላው ባጠፋው እኔ ልሸሽግ? ነጠላዬን አጣፋሁና ሳጥኑን ጎትቼ ወደ ቦታው መለስኩት። እሱ አልበቃኝም፤ ምንጣፉን አዙሬ ጥጓን በበሩ ትይዩ አደረግኋት። የሚገባ ሰው ሁሉ እሷን ሳያይ እንዳይገባ።

ወለላ ስታየኝ እንባዋ መጣ። "እማዬ፣ ልታጠፊኝ ነው?"

"ያንቺን ነገር እኔ በእጄ አላበላሽም" አልኳት። "በዚህች ጥግ የሚበላሽ ከሆነ ግን ይበላሽ። እድፋም ብሎ ከሚንቅሽ ቤት ገብተሽ ከምትኖሪ እዚሁ ብትቀሪ ይሻለኛል። እኔ ሰርቄ አልደበቅኩም።"

እንደ ወጉ ወደ ጓዳ ገባችና መጋረጃውን ጣለችው። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትታይም።

ሦስት ሁነው መጡ። ባሻ ክንዱ ካባቸውን ደርበው ከፊት፣ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ከመካከል፣ አያ ዳኛው ከኋላ። መሪጌታ "ሰላም ለዝንቱ ቤት" ብለው ገቡ። ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ቁጭ በሉ ማለትም እሺ እንደማለት ነው፣ አስተናጋጁም እስኪያምንበት ድረስ አይለውም። ስለዚህ ሦስቱም በትራቸውን ይዘው በምንጣፉ ዳር ቆሙ። ያች ጥግ ከባሻ ክንዱ እግር ሥር ሆነች።

ባሻ አዩዋት። አንገታቸውን አዘንብለው እንደገና አዩዋት። "ምነው ወይዘሮ ታየች" አሉ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ "ጀምራችሁ ተዋችሁትሳ? የሰጠኝ እጅ ነው አይደል? ሙሉውን አስነጥታችሁት ቢሆን እንዴት ያለ ሸጋ ነበር! የኛን ብታዩት!"

ከመጋረጃው በስተጀርባ የወለላ ትንፋሽ ሲቆም ሰማሁ። እዚህ ላይ አንድ ለስላሳ ቃል ብናገር ነገሩ ያልፍ ነበር። ጊዜ አጥተን ነው ብል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናስጨርሰዋለን ብል፣ ባሻ ደስ ብሏቸው ወደ ጉዳያቸው ይገቡ ነበር። አፌ እምቢ አለ።

"ባሻ፣ ይህች ጥግ የጸዳች አይደለችም" አልኩ። "የተዘረፈች ናት። ምንጣፌ ጥቁር የሆነው በጎቹ ጥቁር ስለነበሩ ነው። ሰጠኝ በረኪና ደፍቶ ቀለሙን አቃጠለውና እድፍ ነበር አለኝ። የእርስዎንም ያደረገው እንደዚሁ ነው።"

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አያ ዳኛው ወደ ጣሪያው አዩ። የባሻ ፊት ጠቆረ፤ ሊለምኑ የመጡትን ሰው ቤትዎን ተሞኝተው አበላሹ ብሎ መቀበል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ አውቄ ነው ያልኩት።

"የኔ ምንጣፍ" አሉ ባሻ፣ "አሳምሮ ነጭ ነው።"

"ጎንበስ ይበሉና ከዚህች ጥግ ትንሽ ነጨት ያድርጉ።"

እምቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ጎነበሱ። በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ ሲያደርጉት አንድ እፍኝ ጠጉር ተከትሏቸው መጣ፣ ከሥሩ ክሩ ተበጣጥሶ አፈጠጠ። ጠጉሩን መዳፋቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው አሹት። እንዲህ የሚያሽ ሰው፣ ይህንኑ ነገር ሌላ ቦታ ያየ ሰው ነው።

በዚህ መሐል ነው በሩ ላይ "እንደምን ዋላችሁ" የተባለው። ሰጠኝ! ጠርሙሱን በአንድ እጁ፣ ቡሩሹን በሌላው ይዟል። እንግዳው ቤት ሲገባ ጠብቆ መምጣት ልማዱ ነው ለካ፤ ሰው በእንግዳ ፊት አይጨቃጨቅም።

"ደባርቅ አልሄድህም?" አልኩት።

"ለእርስዎ ስል ቀረሁ እንጂ!" አለ። ባሻን ሲያይ ደግሞ ፊቱ በራ። "ጌታዬ ባሻ! እርስዎ ካሉማ ነገሩ አለቀ፣ መስክሩልኝ እንግዲህ።" ጠርሙሱን ከጓዳው በር ሥር አስቀመጠ፣ ጥቁር ካፖርቱን አውልቆ መደቡ ላይ አጋደመ፣ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ። ማንም ጀምር ብሎ ያዘዘው የለም።

"ይህ ምንድን ነው?" አሉ ባሻ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው።

ሰጠኝ አየት አደረገው። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። "ብል ነዋ! ለእሜቴ ነግሬያቸው ነበር፣ አልሰማ ብለው። አያችሁ፣ ዛሬውኑ ሙሉውን ካላጠብነው ወደ ቀረውም ይሄዳል።"

ባሻ ክንዱ ጠጉሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። "ብል ይሆን?" አሉ ቀስ ብለው። ልባቸው ብል ቢሆን ይመርጣል፤ በብል የተበላ ሰው አልተሞኘም። እኔም እንግዲህ ምን ልበል? የተናገርኩትን ተናግሬአለሁ፣ በቃል ላይ ቃል ቢጨመር እሱ ከኔ ይበልጥ ያውቅበታል።

መጋረጃው ተገለጠ። ወለላ ወጣች። ሽማግሌ ፊት፣ ፀጉሯን ሳትሸፍን፣ እንባዋ ገና ፊቷ ላይ ደርቆ ሳያልቅ። ማንንም ሳታይ ጎንበስ አለችና ጠርሙሱን አነሳች፣ ቡሹን ነቀለች፣ ወደ መደቡ ሄደች። የካፖርቱን እጅጌ በግራ እጇ ዘረጋች።

"ይህም ጥቁር ነው" አለች። "እድፍ ይሆናል። አንዲት ጥግ ብቻ ልጠብልህ፣ በነጻ ነው።"

ጠርሙሱን ስታዘነብለው ሰጠኝ ዘለለ። "ተይ! አንቺ ልጅ ተይ! ያቃጥለዋል!"

ወለላ ጠርሙሱን እንዳዘነበለች ቆመች፤ ጠብታ አላፈሰሰችም።

"ምን አልክ?" አሉ ባሻ።

ሰጠኝ እጅጌውን ከወለላ እጅ መንጭቆ ካፖርቱን አቀፈ።

"ልጄ፣ ክደኚው" አሉ መሪጌታ። ወለላ ቡሹን መለሰችና ጠርሙሱን ለባለቤቱ ሰጠችው። ሰጠኝ ካፖርቱን ሳይለብሰው ወጣ። ባሻ እስከ በሩ ድረስ ተከተሉትና ነገ ከሰፈሩ ሽማግሌ ጋር ቤቱ እንደሚመጡ ነገሩት፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው። እኔ በበኩሌ ባነጣው ቤት ሁሉ እየዞርኩ ይህን ያቃጥለዋል ያለውን ቃል እንደምናገር ጮክ ብዬ ነገርኩት። ጓዳ ገብታ ያለቀሰች ሁሉ ወደ ሳሎን ወጥታ ትሳቅ።

ከዚያ ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደገና በምንጣፉ ዳር ቆሙ። ወለላ የት እንደቆመች ትዝ ያላት አሁን ነው። ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳበችና ወደ ጓዳ ልትሸሽ ስትል ባሻ በእጃቸው አስቆሟት። አለቀ አልኩ። ባለጌ አሳድገሻል ቢሉኝ የምመልሰውን ሳዘጋጅ ነበር፣ እሱም ደግ መልስ አልነበረም።

"የኔ ምንጣፍ በየቀኑ ይረግፋል" አሉ ባሻ። "ጠዋት ጠዋት ሚስቴ ሳትነሳ እየጠረግሁ ነው የምደፋው። አይጥ ነው አልኳት። ለማንም አልተናገርኩም ነበር።" በትራቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። "ወይዘሮ ታየች፣ ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣን። አሁን ግን እኔ ፈራሁ።"

"የምን ፍርሃት?" አልኳቸው፣ ጥርሴን ነክሼ።

"ይህች ልጅ ቤታችን ገብታ ያን ምንጣፍ ስታይ ምን ትለን ይሆን ብዬ ነዋ!"

እንዲህ ያለ ነገር የሚመለሰው በእናት ነው፣ ያውም ከብዙ ልመና በኋላ፣ ያውም እናስብበት ተብሎ። ወለላ ግን አላስቻላትም።

"ጥቁር ጠጉር አምጡልኝ እላለሁ" አለች። "እፈትለዋለሁ።"

መሪጌታ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አያ ዳኛው አልሸፈኑም። እኔ ልጄን አየኋት፤ አልሸሸችም፣ አልተሸፋፈነችም፣ ዓይኗን ከባሻ ዓይን አላነሳችም። ከሐሙስ ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ወረደልኝ።

"ሰምታችኋል" አልኳቸው። "በሉ ቁጭ በሉ።"

ባሻ ክንዱ መደቡን አዩና ተዉት። ካባቸውን ሰብስበው፣ በትራቸውን አስደግፈው፣ ያች የነጣች ጥግ ላይ ተቀመጡ።